የት ልቀመጥ?

ጥቅምት 21፣ ሰኞ

ሰኞ እንደ ሰኞ። ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ። ጄኔራሏ ገና ከበር ሳትገባ "ካውያው ሞቋል ወይ?" አለች። የላውንደሪው ባለቤት ናት። ጄኔራል ያልናት እኛ ሠራተኞቹ ነን፤ እሷም ታውቃለች፣ ደስ ሳይላት አይቀርም።

ከሰዓት ቄሱ የመዘምራኑን ልብስ ይዘው መጡ። ለሚቀጥለው ሳይሆን ለዚያኛው እሑድ ይድረስልኝ አሉ። "ለወደቁት ወታደሮች ጸሎት አለን። ቤተሰቦቻቸው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ስም ሲጠራ ይቆማሉ፣ ምእመኑም አብሯቸው ይቆማል።" ጥሩ ነው አልኩ፣ ቁጥሩን ልብሱ ላይ እያሰርኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የባልሽስ? ይጠራ?"

ምን ብዬ መለስኩ? "ልብሱ ዓርብ ይደርሳል።"

ጉድ እኮ ነው... ስለ ልብሱ ማን ጠየቀኝ?

ጥቅምት 24፣ ሐሙስ

ይጠራ? አይጠራ? ሦስት ቀን ሙሉ ይኸው ነው።

ሞተ እንዳልል ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። አለ እንዳልል... የት? ከጦሩ የመጣው ቃል "ፈልገን አላገኘነውም" የሚል ነው። እንደ ጠፋ ጃንጥላ። አብሮት የነበረው ጓደኛው በምርኩዝ መጥቶ ሳሎናችን ተቀመጠ፤ "ሲወድቅ አላየሁትም" አለ። እማማ ከደስታ ብዛት ብድግ አሉ። ቀጥሎ ደግሞ "ሲነሳም አላየሁትም" አለ። ይህንን እማማ አልሰሙም። ወይም ላለመስማት ወሰኑ። እኔ የሰማሁት ይህንኑ ብቻ ነው።

እማማ አማቴ ናቸው። እሱ ከዘመተ ጀምሮ አንድ ላይ ነን፤ ሁለት ሴቶች፣ በጨው ምክንያት የምንኳረፍ። እኔ አልጫ እወዳለሁ፣ እሳቸው እጃቸው አይቆጠብም። ስሙን ቤት ውስጥ ማናችንም አንጠራም። እሳቸው "ልጄ" ይላሉ። እኔ "እሱ"።

ከእራት በፊት የሚጸልዩት እሳቸው ናቸው። "ልጄን በሰላም መልስልኝ።" አሜን እላለሁ። ከአሜኑ በኋላ በሆዴ "ነፍሱን ማርልኝ" እጨምራለሁ። ሁለቱም ጸሎት ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ገበታ ነው የሚወጣው። እግዜር ምን ይለን ይሆን?

ጥቅምት 25፣ ዓርብ

ስለ ጸሎቱ ለእማማ ነገርኳቸው። "ጥሩ ነው። ለሞቱት ጥሩ ነው" አሉና ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ።

ጥቅምት 27፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። እንደ ሁልጊዜው መሐል፣ ምሰሶው አጠገብ።

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ከፊት ነበረች። ልጇ ወድቋል፤ ቀብራዋለች። የገባው ሁሉ እየሄደ ያቅፋታል፣ ታለቅሳለች፣ ያለቅሱላታል። ቀናሁባት። አዎ፣ ቀናሁባት! በሰው ልጅ ሞት የምቀና እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ግን የምታለቅስበት ቦታ አላት። እኔን ሰዎች ሲያገኙኝ መጀመሪያ ፊቴን ያዩና ከዚያ ነው ምን እንደሚሉኝ የሚያስቡት። "እግዜር ያጽናሽ" ይሉና "ይመጣል አይዞሽ" ይጨምሩበታል። በአንድ ትንፋሽ።

ስንወጣ እማማ ወደ በሩ ሲቀድሙኝ ቄሱን ጠጋ አልኳቸው። "አባ፣ አይጠራ።" ለእማማ ብዬ ነው። የሳቸውን ልጅ ከሙታን ጋር አስጠርቼ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ቄሱ "እንዳልሽ" አሉ። ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ምን ነበር?

ጥቅምት 28፣ ሰኞ

ዛሬ ጄኔራሏ መስቀያውን አጸዳች። ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ያልወሰደውን ልብስ ለችግረኛ ትሰጣለች፤ ደንቧ ነው። ካፖርት፣ የልጅ ጃኬት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ መጋረጃ ሳይቀር ወረደ። ጥግ ላይ ያለው ግራጫ ሙሉ ልብስ ጋ ስትደርስ በላስቲኩ ላይ ያለውን አቧራ በእጇ ጠረግ አድርጋ አለፈችው። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

የሱ ነው። ሊሄድ ሲል ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ፣ እንደ ደንበኛ ተሰልፎ! "እመቤት፣ እድፉን በደንብ ይዩልኝ፣ ስመለስ እወስደዋለሁ።" ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም ኮስተር ብዬ ቁጥር አሰርኩለት።

ቁጥሩ አሁንም አለ።

ኅዳር 1፣ ሐሙስ

ዛሬ የሰማሁትን በትክክል ልጻፈው፤ ነገ የተሳሳትኩ ሊመስለኝ ይችላል።

ካውያ ላይ ነበርኩ። ቄሱ መጡ። ልብሱ አልደረሰም፣ ባለፈው ዓርብ ይደርሳል ብዬ የዋሸሁት ገና ነው አልኳቸው። ለሱ አይደለም አሉ።

"ልጄ፣ እኔም ግራ ገባኝ። አንቺ አይጠራ አልሽ። አማትሽ ደግሞ ካንቺ በፊት መጥተው ይጠራ ብለውኛል።"

"ማን?"

"አማትሽ።"

"የኔ አማት?"

"ስንት አማት አለሽ? 'ልጅቷ ገና ወጣት ናት' አሉኝ። 'እኔ አለ ባልኩ ቁጥር እሷን አሰርኳት። ይጠራና እርሟን ታውጣ።' እንዳትነግሯት ብለው አደራ ብለውኝ ነበር። ይኸው ነገርኩሽ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።"

የሆነ ነገር ሸተተኝ። ካውያውን የመዘምራን ልብስ እጅጌ ላይ ትቼው ኖሯል። ቡኒ ምልክት፣ ልክ እንደ ካውያው ጫፍ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ልብስ አቃጥዬ አላውቅም። ጄኔራሏ መጣች፣ አየችው፣ እኔን አየች። አልጮኸችም። ጄኔራሏ ሳትጮህ!

ከዚያ ወዲያ ተናደድኩ። ማን ላይ? እማማ ላይ። ለምን? የፈለግሁት ይኸው አልነበረም? ሞቷል የምለው እኔ፣ አለ የሚሉት እሳቸው... እንደዚያ ነበር የተከፋፈልነው። አሁን እሳቸው ሞቷል ሲሉ እኔ አይደለም ማለት አማረኝ። ለካ እኔ ሞቷል ማለት የቻልኩት እሳቸው አለ ስለሚሉልኝ ነው። አንድ ሰው ይጠብቀው ነበር። እሳቸው ከተዉት ማን ሊጠብቀው ነው?

ኅዳር 2፣ ዓርብ

እራት ላይ እንደ ወትሮው "ልጄን በሰላም መልስልኝ" አሉ። ፊታቸውን አየሁ።

"ምን አፈጠጥሽብኝ?"

"ምንም።"

"ጨው በዛ?"

"አልበዛም።"

በዝቶ ነበር።

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ

አልቻልኩም። አንሶላ እያጠፍን ነበር፣ እሳቸው በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ። ጠየቅኳቸው።

"እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ... ሞቷል ይላሉ?"

አንሶላውን አልለቀቁም። "አንቺስ?"

"እኔ ነኝ የጠየቅኩት።"

"እኔ እንጃ ልጄ። ጠዋት ስነሳ አለ። ሲመሽ ደግሞ የለም። አንዳንዴ ቀን ላይ ሁለቱም ይሆንብኛል።"

"ታዲያ ለምን ይጠራ አሉ?"

"ላንቺ ብዬ ነዋ! ያ ቄስ ነገረሽ? አፉ አያርፍም?"

"እኔም አይጠራ ያልኩት ለእርስዎ ብዬ ነው።"

እማማ ሳቃቸው መጣ። "እሱ ቢሰማን እንዴት ይስቅብን ነበር" አሉ። እኔም ሳቅኩ። መሐል ላይ ሳቁ ልቅሶ ሆነ፣ ማን እንደጀመረ እንጃ። አንሶላው መሬት ወድቆ እንደገና ታጠበ።

ምን ወሰንን? ምንም። ነገ ነው። የት ነው የምንቀመጠው? እሱንም አልተነጋገርንም።

ኅዳር 4፣ እሑድ

እማማ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ሄዱ። ፊት ወንበር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ምሰሶው ዞር አሉ። እንደገና ወደ ፊት። ሰው ሁሉ ያየናል። በመጨረሻ ከፊተኛው ወንበር ኋላ ባለው ተቀመጥን፤ ያ ቦታ የማን እንደሆነ አላውቅም።

መዘምራኑ ወጡ። ያቃጠልኩትን የለበሰችው ቀጭኗ ናት። እጇን ባነሳች ቁጥር የካውያው ምልክት ብቅ ይላል፣ እኔም አንገቴን እደፋለሁ።

ስም መጠራት ጀመረ። አንድ ስም፣ አንድ ቤተሰብ ይቆማል፣ ቤቱ ሁሉ ይቆማል። እንቀመጣለን። እንደገና። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት መቆም አቃታትና እማማ ከኋላ ብብቷን ይዘው አነሷት። በየስሙ መሐል... ቀጥሎ የሱ ይሆን? ቄሱ የማንኛችንን ሰምተው ይሆን? እንዲጠራ ፈልጌ ነበር? እንዳይጠራ? ይህንን እየጻፍኩም አላውቀውም።

አልተጠራም። ቄሱ ወረቀቱን አጠፉ። "ስማቸውን ከሙታን ይሁን ከሕያዋን ጋር እንደምንጠራ የማናውቃቸው አሉ" አሉ። "የት እንዳሉ እግዚአብሔር ያውቃል። ቤተሰቦቻቸው ብትፈልጉ ቁሙ።"

አልተንቀሳቀስኩም። እማማን አየሁ። እሳቸውም እኔን ያያሉ። እኔ እሳቸውን ስጠብቅ፣ እሳቸው እኔን። ማን ቀድሞ እንደተነሳ አላስታውስም፤ እጄ እጃቸው ውስጥ ነበር። ከኋላችን ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ዞር ስል አንድ ሽማግሌ፣ በር ጋ ሁለት እህትማማቾች፣ ከምሰሶው ማዶ የማላውቃት እርጉዝ ሴት። እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር! ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያው መሐል ተቀምጠው...

ሕዝቡ ተነሳ። ቄሱ ጸለዩ። "ማራቸው" አላሉም፣ "መልሳቸው" አላሉም። "አንተ ዘንድ አይጠፉም" ብቻ።

ኅዳር 5፣ ሰኞ

ሙሉ ልብሱን ወደ ቤት አመጣሁት። ጄኔራሏ ከመስቀያው ሳወርደው "ቁጥሩን አትፍቺው" አለችኝ። አልፈታሁትም። አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ከኔ ቀሚስ አጠገብ።

ለችግረኛ ልሰጠው ነው? ላስቀምጥለት ነው? አላውቅም። የማላውቀው ያው ነው። ግን ዛሬ አለማወቄን ከማንም አልደበቅኩም።

እራት ቀረበ። እማማ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጠበቅኩ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ዛሬ አንቺ ጸልዪ" አሉኝ።

"እኔ?"

"ምግቡ ይቀዘቅዛል።"

"ጌታ ሆይ" አልኩ። ከዚያ ምን እንደሚባል ጠፋኝ። መልሰው? ማረው? እማማ አላጣደፉኝም።

ስሙን ጠራሁት። ከሄደ ጀምሮ በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጮክ ብዬ፣ ከነአባቱ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

"አሜን" አሉ እማማ።