ያልተመለሰው ሙሾ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት እህቴ፣ ለእማሆይ ለተማርያም።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ያምዎት ነበር፤ ስግደቱ እንዴት አደረገዎት? የገዳሙ ብርድስ? እኔ፣ ባለቤቴ ሕይወትና ልጃችን ኤደን በአካል ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ልባችን ግን ደህና አይደለም።

የእማዬን መርዶ እመ ምኔቷ እንዳረዱዎት ስሰማ ትንሽ ቀለለኝ። በደብዳቤ ማርዳት እንኳን ለእህት ለጠላትም አይሆን።

የማስተምረውን ያውቃሉ፤ የጥንት ግሪኮችን ትያትር ነው። እነሱ ዘንድ ኮሞስ የሚሉት የልቅሶ ዜማ አለ። የቃሉ ፍች መምታት ነው፤ ደረት መድቃት ማለት ነው። ሐዘንተኛው ያወጣል፣ መዘምራኑ ይቀበሉታል፣ ደግሞ እሱ ይመልሳል። ብቻውን የሚያለቅስ ሰው የለም። ተማሪዎቼን «ይኼማ የኛው ሙሾ ነው» እያልኩ አስቃቸው ነበር። ሳይደርስብኝ ቀላል ነበራ!

መድኃኔዓለም ቀብረናት ስንመለስ፣ አቦከር ደጃችን ላይ በተጣለው ድንኳን አልቃሿ ወይዘሮ የሺ ተነሡ። እንዲህ አሉ፦

«ሁለት ወልደሽ ነበር፣ ወንዱ ቆሟል ከደጅ፤
ማን ደረት ይድቃልሽ፣ ወዴት አለች ሴት ልጅ?»

ለዚህ የሚመልሰው ልጅ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በስንኝ መመለሱን ትቼ «መንኩሳለች» አልኩ። የዕድሩ ዳኛ አቶ እንደሻው ቀበል አድርገው «እንግዲያማ ስትመነኩስ ፍትሐቷ ተደርሷል። ሙት ለሙት አያለቅስም» አሉ። ክፋት የላቸውም፣ ሥርዓቱ ነው። ወይዘሮ የሺም ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። እኔ ግን በአንድ ቀን እማዬንም እርስዎንም የቀበርኩ መሰለኝ። ባልደረባዬ ናስር፣ በእስልምና ደንብ ጮኾ ማልቀስ ስለሌለ፣ ሰብር አድርግ፣ ታገሥ ብሎኝ እጄን እንደያዘ ዋለ።

እማሆይ፣ ቆብዎን ያስነቅፉ አልልም። ሙሾ ይላኩልኝም አልልም። ግን የእናት ነገር ነው፤ በበዓትዎ ውስጥ፣ ማንም ሳያይዎት፣ አላለቀሱም? ለአርባዋ ወይዘሮ የሺ ያንኑ ስንኝ ማንሣታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ «አልቅሳላታለች» ብዬ እንድመልስ ይፍቀዱልኝ።

ለእመ ምኔቷ ጉልበት ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ አብረውዎት ላሉት እናቶች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ሕይወት እጅ ነሥታለች። ኤደን ከድንኳኑ ዕለት ጀምሮ «አክስቴ ሞታለች እንዴ?» እያለች ትጠይቀኛለች። የለም፣ አለች ብያታለሁ። አያሳፍሩኝ።

ወንድምዎ ኒቆዲሞስ
ሐረር፣ አቦከር
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.