አባባ የመረጠው የውሃ ቦርሳ

ውድ እህት ዓለም፣

ስትደውዪ አባባ አጠገቤ ስለሚቀመጥ «ደህና ነው» ከማለት ሌላ የምልሽ አልነበረኝም። አሁን ግን እሱ ጋደም ብሏል፣ እኔም ስፌት ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ሁሉንም ልንገርሽ።

ስትሮኩ ግራ እጁን እንዳዛለው ታውቂያለሽ። ሐኪሙ «በእግርዎ ይሂዱ፣ ውሃም አይለይዎት» ብሎት ነበር። ግን ደህናው እጁ ከዘራ ይዟል፣ የዛለው ደግሞ ጠርሙስ አይጨብጥም። ስለዚህ ውሃውን ትቶ መውጣት ጀመረ። አንድ ቀን ፀሐይ በርትቶበት መንገድ ዳር ራሱን ስቶ ወደቀና ሰዎች ደግፈው አመጡት። ከዚያ በኋላ ከቤት አልወጣም አለ። ያ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው መስኮት ስር ተቀምጦ መዋል ሆነ ሥራው። ምግቡ ቀነሰ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ቀልዱ መጥፋቱ ነው።

ባለፈው ከሩጫ ተመልሼ ከጀርባዬ ባለቱቦውን የውሃ ቦርሳዬን ሳወርድ ትኩር ብሎ አየኝና፣ «ይሄ ቱቦ እጅ አይፈልግም ማለት ነው?» አለኝ።

«አይፈልግም፤ አፍህ ውስጥ አድርገህ መሳብ ብቻ ነው።»

ቱቦውን በደህናው እጁ አንስቶ አገላበጠው። እኔም ቁርሴን እንኳ ሳልቀምስ ስፖርት ዕቃ መደብር ይዤው ሄድኩ።

ሻጯ የቀድሞ ሯጭ ናት። መጀመሪያ እንደኔው ዓይነት፣ ደረት ላይ ጥብቅ የሚለውን አለበሰችው። «ሲሮጡ እንዳይዘል ነው የሚጠብቀው አባቴ» አለችው።

«እኔ አልሮጥም። መተንፈስ ግን እፈልጋለሁ» አላት።

ቀጥላ የረጅም ጉዞውን፣ ትልቁን አመጣች። ውሃ ሞልታ ነው ያሸከመችው፤ ባዶውን የሞከረ ሰው በኋላ ይጸጸታል ትላለች። ትከሻው ወደ ኋላ ሲጎተት፣ «ስንት ዘመን ሰው ስጭን ኖሬ፣ በስተርጅና እኔው ልጫን?» አለ። እህቴ፣ እየሳቅሁ እንባዬ መጣ።

መካከለኛው ተስማማው። አንድ ሊትር ተኩል ይይዛል፤ ማንገቻው ሰፊና ለስላሳ ነው፤ የከረጢቱ አፍም ለማጠብ ይመቻል። ችግሩ የደረቱ መቆለፊያ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሞከረ፣ አቃተው፣ ደግሞ ሞከረ። ፊቱ ጠቆረ። «በቃ ተዪው፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

«አባባ፣ ልጅህ ልብስ ሰፊ ናት እኮ» አልኩት።

ገዝቼው ቤት ገባን። መቆለፊያውን ቆርጬ ጣልኩና ሲጫኑት የሚጣበቅ ሰፊ ጨርቅ ሰፋሁለት። በአንድ እጁ ለጠፍ ሲያደርገው ያዘ። ሲለጥፈው፣ ሲያላቅቀው አመሸ። እኔም አልከለከልኩትም።

ዛሬ ጠዋት እስከ ድልድዩ ሄድን። ጋዜጣ ሻጩ ገና ከሩቅ አይቶት፣ «ሾፌር፣ ወዴት ነው ጉዞው?» አለው። «ገና ነዳጅ ሞልቼ መውጣቴ ነው» ብሎት አለፈ። እኔ ከኋላ ቀረሁ። አውቄ አይደለም፤ እውነት ለመናገር ፈጥኖብኝ ነው።

ዳገቱ ላይ ውሃዬ አለቀ። ቱቦውን ስስብ ድምፁን ሰማ መሰለኝ፣ ቆመ። ከዘራውን መንገድ ዳር ባለ ግድግዳ ላይ አስደግፎ የራሱን ቱቦ ዘረጋልኝ። «ጠጪ። ገና መንገድ አለን» አለኝ።

ከታመመ ጀምሮ ሁላችንም ስንሰጠው እንጂ እሱ ለእኛ ሲሰጥ አላየሁም ነበር። ጠጣሁ።

የዓመት ፈቃድሽ ሲደርስ ነይ፤ ሦስታችን አብረን እንወጣለን። የውሃ ቦርሳ እዚያ እንዳትገዢ። አባባ፣ «ትምጣና እኔ ልምረጥላት፣ የሷን ጀርባ የማውቀው እኔ ነኝ፣ አዝዬያት አይደል ያደገችው» ብሏል። ጫማ ብቻ ይዘሽ ነይ።

ከኋላ ከኋላው የምትከተለው፣
ታናሽ እህትሽ