በልጄ ድምፅ የሚናገረው ምስል

ለከፍተኛው ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት
ለተከበሩ ሰብሳቢ ዳኛ

ቀን፦ የካቲት 14

አመልካች፦ የሟች እናት

ጉዳዩ፦ በሟች ልጄ ድምፅ በኮምፒውተር የተሠራው ምስል ለቅጣት ማቅለያ እንዳይቀርብ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳኛ፣

1. ልጄ የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ተከሳሹ ጠጥቶ ሲያሽከረክር የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ገጭቶ እንደገደላት ይኸው ችሎት አረጋግጦ ጥፋተኛ ብሎታል። በዚህ ቅሬታ የለኝም። የቀረው ቅጣቱ ነው፤ ቀጠሮውም የካቲት 21 ነው።

2. ለመታሰቢያዋ ዝግጅት ጓደኞቿ፣ እሷ በስልክ የላከችልኝን የድምፅ መልእክቶችና ፎቶዎቿን ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ክፋት አልነበራቸውም። የዩኒቨርሲቲው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሙያ ከዚያ ተነስቶ እንደ ልጄ የሚናገር ምስል ሠራ። በመታሰቢያው ዕለት፣ አዳራሽ ውስጥ፣ «ለገደለሽ ሰው ምን ትያለሽ?» ብለው ምስሉን ጠየቁት። «ይቅር ብዬዋለሁ፤ ወጣትነቱን እስር ቤት አይጨርስ» አለ። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። የተከሳሹ ጠበቃ አሁን ይህንኑ ቀረጻ ለችሎቱ አቅርበዋል።

3. ልጄ ይህን አላለችም። ትል እንደሆነም አላውቅም። ወንድሟ ሹራቧን ሳያስፈቅዳት ለብሶ ሁለት ሳምንት ያኮረፈችው ልጅ ናት፤ እንዳኮረፈችውም ምሳውን ትቋጥርለት ነበር። እኔ እናቷ «ትምረው ነበር» ወይም «አትምረውም» ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር ካልቻልኩ፣ ማሽኑ ከየት አመጣው?

4. ባለሙያውን የሥራ ክፍሉ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር አቀረበልኝ። «እማማ፣ አነጋገሯን ነው እንጂ ልቧን አያውቅም። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው የሚናገረው» አለኝ። ይህንኑ ለዳኞቹ ንገርልኝ ስለው፣ ካልተጠራሁ ችሎት አልገባም አለ።

5. ለመጻፍ የከበደኝ የሚከተለው ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ ድምፁን ሲከፍትልኝ «እቴቴ» ብላ ጠራችኝ። እንደዚያ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ነበረች። ሳላስበው «ወዬ» አልኩ። «ወዬ፣ የኔ እናት» ብዬ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አልኩ። ልጁ ደንግጦ አጠፋው።

ክቡር ዳኛ፣ ወልጄ ያሳደግኳት፣ አፈር ስትለብስ በዓይኔ ያየሁ እኔ እንኳ እንዲህ ከተታለልኩ፣ በሕይወቷ አይተዋት የማያውቁት ዳኞች እንዴት ይለዩታል?

ስለዚህ፦

ሀ. ምስሉ በችሎት እንዳይታይ፣ ለቅጣት ማቅለያም እንዳይያዝ፤
ለ. ችሎቱ ከተጠራጠረ ባለሙያው ተጠርቶ ለእኔ የነገረኝን እንዲናገር፤
ሐ. በቀጠሮው ቀን እኔ ራሴ ቆሜ እንድናገር እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ምን እንደምል ገና አላውቅም። ተከሳሹም እናት አለችው፤ ችሎት ስንመጣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጫፍና ጫፍ እንቀመጣለን። ፊቱን አይቼ ይቅር ማለት ከቻልኩ በራሴ አፍ እለዋለሁ። ካቃተኝም አቃተኝ ብዬ እቀመጣለሁ። ልጄን ግን ዝም እንዳለች ተዉልኝ።

ከአክብሮትና ከእናት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሟች እናት