ከወይራው የወጣው ብረት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ክረምቱ ለጉልበትሽ ራራለት ወይስ ጨከነበት? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ከወልድያ ጭቃ በቀር የሚያስመርረኝ የለም።

ይህን ጎረቤትሽ ኢብቲሳም ብቻ ታንብብልሽ፤ በሩንም ዝጉት። ስልክሽን የሚያነሱት የአባቴ ወንድም ጋሼ ንጉሴ ስለሆኑ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ።

«ሴት ልጅ ከቶርኖ ጋር ምን አጋባት» እያልሽ ትስቂብኝ የለ? ይኸው በዚያው ማሽን እንጨት እያሽከረከርኩ ለተመራቂዎች ስጦታ የሚሆን እስክሪብቶ እየቀረጽኩ ነው። እንጨቱ የራሳችን ጓሮ ወይራ ነው። ጋሼ ንጉሴ ቆርጠው፣ አስፈልጠው ሲያመጡልኝ የቤቴ ሽታ መጣ ብዬ ደስ አለኝ።

ይህ ሥራ ችኩል ሰው አይወድም። መሮው ካልተሳለ እንጨቱን ይነጨዋል፣ ጠልቆ ከገባ ይሰነጥቀዋል፣ ጫፍና ጫፉን የያዘውን የብረት ቀለበት ከነካ ደግሞ ስለቱ ይሸረፋል። ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ መሮዬ መሀል እንጨት ላይ ተሸረፈ። ስዬው በሌላ እንጨት ብሞክር ያው ሆነ። እጄንም መብራቱንም ረገምኩ። በኋላ ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታሁትን ማግኔት በቀሩት ፍልጦች ላይ ባዞረው አንዳንዱን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ሰነጠቅሁት። እንጨቱ ዙሪያውን ጠቁሯል፤ መሀሉ ጥይት ነው።

ጦርነት ባለፈበት አገር ዛፍ ጥይት ቢውጥ ምን ይገርማል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ፍልጦቹን መስመራቸውን እያየሁ እንደ ነበሩ ሳገጣጥማቸው ጥይቶቹ አንድ ቦታ ተሰብስበዋል። የልብስ ማስጫ ገመድሽ የበላው ጠባሳ ከበላያቸው በስንዝር ከፍ ብሎ አለ። ገመዱ በወንድሜ በማሩ አንገት ልክ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያልፈው።

ጋሼ ንጉሴ ሲመጡ እንጨቱ ውስጥ ብረት አለ አልኳቸው እንጂ የምን ብረት እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም የምን ብረት ብለው አልጠየቁኝም። «ስንቱን አወጣሽ?» ነው ያሉኝ። እናቴ፣ ብዙ መሆኑን ማን ነገራቸው? የእማዬ ማስጫ ሚስማር ነው ብዬ ሳቅሁላቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም።

እኔና አንቺ ደሴ ሸሽተን ሳለን፣ «ማሩን መርሳ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ በጅቡቲ መኪና አሳፈርኩት» ያሉን እሳቸው ናቸው። ሌላ ያየው ሰው የለም። በጓሮው ወሰን ከማሩ ጋር ተጣልተው እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ አንድ ቀን ደውሎ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ጉቶውን ነቅዬ ሽንኩርት ልተክልበት ነው ብለውኛል። አደራ፣ አትጣያቸው፣ ምንም እንደሰማሽ አይወቁ። ብቻሽን ጓሮ አትውጪ፤ ማታ ማታ ኢብቲሳም ቤት እደሪ። ስለ ጉቶው ከቸኮሉ፣ ለልጄ የእስክሪብቶ እንጨት ይሆናታልና እስክትመጣ ይቆይ በያቸው። እኔ እሑድ ከሽማግሌዎችና ከንስሐ አባታችን ጋር እደርሳለሁ። ያ ጉቶ ካህን ሳይቆምበት አይነቀልም።

የማሩን ጃኬትም ይመጣል እያልሽ ፀሐይ ላይ ማስጣቱን ተዪው። አጥፈሽ ቆዪኝ።

እመብርሃን በጥላዋ ትሰውርሽ፤ ልብሽን ታጽናልሽ።

የቀረሁልሽ ልጅሽ