እናትህ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የተኛችበት ምክንያት

ሰኞ፣ የካቲት 24

«እናቴ ራሷን መቆጣጠር የማትችል በሽተኛ ናት። ቢላዋ ባለበት ክፍል መሥራቷ ለራሷም ለሌሎችም አደጋ ነው። አባቴ አቅም ስላጣ ዝም ብሎ ያያታል። ስለዚህ በአስቸኳይ ከሥራ እንድትገለል በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ውድ ልጄ፣

እነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ያንተ ናቸው። ባለፈው ማክሰኞ ለልብስ ስፌት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የላክኸውን ደብዳቤ የገለበጥኩበት ወረቀት ፊቴ ተዘርግቷል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያንተ አልመስል አለኝ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ፤ በሦስተኛው እርሳስ አንስቼ አሰመርኩበት። ስለ ቢላዋው አደገኛነት የጻፍከው ግማሽ እውነት ነው። የቀረው ሁሉ ስህተት ነው፤ «በትሕትና» የምትለዋም ጭምር።

ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን እለፈኝ። ደህና ነን። ደህና ያልሆነው አንተ የጻፍከው ነገር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ እናትህን ቢሮው ጠርቶ «ልጅዎ ራሱ ጽፎልናል፤ እኛ ምን እናድርግ?» አላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ የቆረጠች ሴት ይኸው ዛሬ ግምጃ ቤት ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ በየቀለሙ ትለያለች። ዓርብ መጋቢት 5 ጠዋት ኮሚቴ ተሰብስቦ በጡረታ ትገለል ወይስ ወደ ጠረጴዛዋ ትመለስ የሚለውን ይወስናል። ኮሚቴው እጅ ያለው ማስረጃ አንድ ነው፤ እሱም ያንተ ወረቀት።

የደብዳቤህ መነሻ ከእናትህ ጋር የምትሠራው ጨርቅ ዘርጊዋ ልጅ የላከችልህ ያቺ የሃያ ሁለት ሰከንድ ቪዲዮ እንደሆነች አውቃለሁ። እናትህ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ጭንቅላቷ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ልብስ ተኳሹ፣ ያ «ምሰሶ» የሚሉት ረጅም ሰውዬ፣ ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ደግፎ ይዟል። አንተ ይህን አይተህ «ወደቀች» አልክ። ለመሆኑ ድምፁን ሰምተኸዋል? ሰውዬው «ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት» እያለ ይቆጥራል። ሰው ሲወድቅ ቆሞ ሰከንድ የሚቆጥር የት አገር አይተሃል? ልጄ፣ ያየኸው አወዳደቋን አይደለም። ሕክምናዋን ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። እስከ ዛሬ ያልነገርንህ እሷ «ሩቅ ያለ ሰው አይረበሽ» ስላለች ነው። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ እቀበላለሁ።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ጠዋት አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገለበጥ ጮኸች። ዘልዬ ስይዛት ፍራሹን በሁለት እጇ ጨምድዳ «ቤቱን ያዝልኝ!» አለችኝ። ቤቱ ቆሟል። ለእሷ ግን ግድግዳው እንደ ወፍጮ ይዞር ነበር። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አለፈላት። እኔ ግን አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሰሰ ብዬ አንድ እግሬን በጫማ፣ አንዱን በነጠላ ጫማ አድርጌ ሐኪም ቤት አደረስኳት። የጆሮ ሐኪሙ በጀርባዋ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቷን አዘቅዝቆ ዓይኗን ተመለከተ። ዓይኗ ይንቀጠቀጥ ነበር። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ከአሸዋ ያነሱ ጠጠሮች አሉ፤ ከቦታቸው ሲወጡ፣ ሰው ቀና ወይም ደፋ ባለ ቁጥር ዓለም ይዞርበታል አለን። ከዚያ ጭንቅላቷን ቀስ እያለ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው፣ በየአቅጣጫው ግማሽ ደቂቃ እያቆየ አዞረውና ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው መለሳቸው። «አይገድልም፤ ግን ይመላለሳል» አለ። እውነቱን ነው፤ ተመላለሰ።

አባትህ ዕድሜውን በቅየሳ የጨረሰ ሰው ነው፤ ያልተለካ ነገር አይወድም። «ዝም ብሎ ያያታል» ላልከው ደብተሬ ይመስክር። በዘጠኝ ወር ተኩል አርባ ሦስት ጊዜ አዙሯታል። ረጅሙ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ነው። ስድስቱ ፋብሪካ ውስጥ ናቸው። አንድም ሰው አልቆሰለም። የተበላሸው ጨርቅ አንድ ክንድ ነው፤ እሱም ሥራ አስኪያጁ ስልክ እያወራ ሲያልፍ በክርኑ ገፍቷት።

አሁን ደግሞ «ራሷን መቆጣጠር የማትችል» ያልካት ሴት ምን እንዳደረገች ስማ። አንገቷን እንዳትደፋ በጠረጴዛዋ አራት እግሮች ሥር እንጨት አስገብታ ከፍ አደረገችው። ቀና ብላ እንዳትፈልግ የጨርቁን ጥቅል ሁሉ ከላይኛው መደርደሪያ አስወረደች። ሰው ሲጠራት አንገቷን አታዞርም፤ እንደ ወታደር ከነእግሯ ትዞራለች። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ይዛ የመቁረጫውን ማብሪያ አስቀየረችው፤ አሁን ጣቷ ሲጫነው ብቻ ይሠራል፣ ጣቷን ስታነሳ ቢላዋው ይቆማል። ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ፣ በዓይኗ ትክክል፣ አንድ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ ሰፍታ የለጠፈችበት ነጭ ጨርቅ አለ። ሲያዞራት ጣቷን ከማብሪያው ታነሳና «ዞረ» ትላለች፤ ጮክ ብላ፣ ሳታፍር። ሁሉም ባለበት ይቆማል። ምሰሶ ከኋላዋ ሄዶ ሳይነካት ይቆማል። እሷ ያቺን ጥቁር ቁልፍ ታያለች። ከዚያ «ቆመ» ትላለች፤ ሥራ ይቀጥላል። አሁንማ ሥራ አስኪያጁ እየተቆጣ በበሩ ሲገባ ሠራተኞቹ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዞረ» ይባባላሉ አሉ።

ሁለቱ ወንዶች ቆራጮች መጀመሪያ ስቀውባት ነበር። «እትዬ መቀስ፣ ጠረጴዛውን ጣሪያ ላይ እንስቀልልሽ?» አሏት።

«ወገባችሁ ሲሰበር እንነጋገራለን» አለቻቸው።

ወር ሳይሞላ የሁለቱም ጠረጴዛ ከፍ አለ። ማብሪያውንም አስቀየሩ። አንደኛው አውራ ጣቱ ላይ የቆየ ጠባሳ አለው፤ «ይቺ ማብሪያ ያኔ ብትኖር» ይላል ይሉኛል። ልጄ፣ እኔ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ፤ ከብዙ መሐንዲሶች ጋር ሠርቻለሁ። ድካሙን አንድ በአንድ መዝግቦ ሥራውን በዚያ ልክ እንደገና የሠራ ሰው ግን ከእናትህ ሌላ አላየሁም።

ያን ቀን ልወስዳት ፋብሪካው ሄጄ ስለነበር የቪዲዮህን መጨረሻ አይቻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያዞራት ስለዋለ ሕክምናውን እዚያው ለማድረግ ወሰነች። ሐኪሙ ያስተማረንን ለምሰሶ አስተምራዋለች፤ ጠረጴዛውም ርዝመቱ ልክ ነው። ዘርጊዋ ልጅ «የእትዬን ጉብዝና ልጃቸው ይይላቸው» ብላ መቅረጽ ጀመረች። እናትህ ተዘቅዝቃ ሳለች «አንቺ! ስልኩን አስቀምጪና እግሬን ያዢ፤ ልበር ነው እንዴ?» አለቻት። ለዚህ ነው ቪዲዮው የተቆረጠው። ልጅቷ አንድ ቃል ሳትጽፍበት ላከችልህ። አሁን በየቀኑ ግምጃ ቤት እየሄደች ታለቅሳለች፤ እናትህ ደግሞ ታባብላታለች።

ሕክምናው ሲያልቅ እናትህ ተነስታ ውኃ ጠጣች። ሩብ ሰዓት ቁጭ አለች። ከዚያ ስድሳ ጨርቅ ደራርባ በአንዴ የተማሪ ልብስ ቆረጠች። የላይኛውን እጅጌ ከታችኛው ጋር አጋጥሜ በሜትሬ ለካሁት። ልዩነቱ ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም። እኔ ዳገት ስቀይስ ከዚህ የባሰ ስህተት ሠርቼ ተመስግኛለሁ።

አሁን የራሴን ልናገር፤ ሌላውን እየነቀፍኩ የራሴን መደበቅ አልችልም። በመጀመሪያው ወር «በቃሽ፤ ቤት ተቀመጪ» ብያታለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ የዞረው ራሴ ነው እንጂ እጄ አይደለም» አለችኝ። አልሰማኋትም። ሳትሰማ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ለጡረታ የሚሆን ወረቀት እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩት።

«እሳቸው ጠይቀዋል?» አለኝ።

«አልጠየቀችም።»

«እንግዲያው እርስዎን ከሆነ ያመመዎት ካርድ ያውጡ» አለኝ።

ወጥቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ሳላስፈቅዳት ወረቀት አልጠየቅኩም። ሕክምናውን እኔም ተማርኩ፤ ቤት ሲያዞራት አልጋው ጫፍ ተንበርክኬ ጭንቅላቷን የምይዘው እኔ ነኝ። የሰው ጭንቅላት ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ዓይኗን ከፍታ ታየኛለች፤ እኔ እቆጥራለሁ። አንዳንዴ ሠላሳ ላይ መቆም ይጠፋኛል፤ «አርባ አልፈሃል፣ ልቀቀኝ» ትለኛለች።

በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በፋብሪካው አጥር በኩል እመላለስ ነበር። ለጤናዬ ነው፤ በኔ ዕድሜ መራመድ ይመከራል። የመቁረጫ ክፍሉ መስኮት ከመንገዱ ይታያል። ከሐሙስ ወዲህ በዚያ መሄድ ትቻለሁ።

እናትህ ደብዳቤህን ስታነብ አላለቀሰችም። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ፈርቶ ነው» አለች።

«ፍርሃት በማመልከቻ አይጻፍም» አልኳት።

«አንተስ ተደብቀህ ሐኪሙ ዘንድ ሄደህ የለም? ከማን ወረሰው?»

ለካስ ታውቅ ኖሯል። ግን እወቀው፣ ከሐሙስ ጀምሮ አንተ ስትደውል ስልኩን ታየውና «ሥራ ላይ ናት በለው» ትለኛለች። ይህን የምትለኝ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ነው። እኔም እንደዚያው እነግርሃለሁ። አንተን ከወለደች ጀምሮ ካንተ ስትሸሽ የመጀመሪያዋ ነው።

ይህን የምጽፍልህ ሳታውቅ ነው። በእጄ ጽፌ ገጹን በስልክ አንስቼ እልካለሁ፤ ስለዚህ አልደረሰኝም ማለት አትችልም።

የምፈልገው ሁለት ጽሑፍ ነው። አንደኛው ለሥራ አስኪያጁ፦ የጻፍከው ቪዲዮውን በስህተት ተረድተህ እንደሆነ፣ ሐኪም ሳትጠይቅ፣ እሷንም ሳትጠይቅ እንደጻፍከው፣ ደብዳቤህንም እንደሳብክ። አጭር ይሁን፤ ስምህን ፈርምበት። የሐኪሙን ማስረጃ እኔ አያይዛለሁ፤ በዚህ ጊዜ አስፈቅጃታለሁ።

ሁለተኛው ለእናትህ ነው። ይቅርታውን ካንተ በላይ የሚጽፍልህ የለም፤ እሱን አላስተምርህም። ምክር ግን አንዲት መስመር እንዳትጨምር። ጥያቄ ጠይቃት። ሲያዞራት ምን እንደምታይ፣ ስድሳውን ድርብ እንዴት አድርጋ እንደምትይዘው ጠይቃት። እኔ ለመጠየቅ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ አንተ ያን ያህል ጊዜ የለህም።

ባለህበት ሰላም ዋል። የረገጥከው መሬት ይጽናልህ፤ የሚወድህ ሰው አይጉደልብህ። እኔ የተቆጣሁህን ያህል ማንም አይቆጣህ።

ሁለቱንም በጽሑፍ፣ እስከ ረቡዕ መጋቢት 3 ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። በስልክ የሚነገር መልስ አልቀበልም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከዚያኛው ወረቀት ጋር የምታስቀምጠው ወረቀት ያስፈልጋታል።

አባትህ