የሚያነክሱ ዓረፍተ ነገሮች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ባልደረባዬ ነጠላ ሰረዝ እንደ ሁልጊዜው ጠዋት መጣ። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የጥንት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ሲናገር በየሁለት ቃሉ ያርፋል። ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቀለ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። የምግብ ጠረጴዛዬ በወረቀት ከተሸፈነ ስንት ዘመኑ... የእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላት መዝገበ ቃላታችንን ጎልማሶች ሳለን ጀመርነው፤ አረጀንበት።

የዛሬዎቹ «ስሌንደር» እና «ስኪኒ» ነበሩ። ሁለቱም ቀጭን ማለት ናቸው። አንዱ ግን ሸንቃጣውን ያሞግሳል፣ ሌላው የከሳውን አጥንት ይቆጥራል። ደንባችን ያው ነው፦ አንዳችን ዓረፍተ ነገር ይሠራል፣ ሌላው ቃሉን አውጥቶ እህት ቃሉን ይተካል። ዓረፍተ ነገሩ ቀጥ ብሎ ከሄደ ልዩነት አላገኘንም። ካነከሰ አገኘን። ሁለታችንም «ያነክሳል» ካላልን ወደ መዝገቡ አይገባም። አንድ ጆሮ አይታመንም።

«ሙሽራዋ ስሌንደር ናት» አልኩ። «ስኪኒ» ብሎ ተካ፣ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ያነክሳል። የሙሽራዋ እናት፣ ብትሰማኝ፣ እኔም፣ አነክስ ነበር።»

ሳቅን። ጥሩ ቀን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የአሳታሚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ደወለ። የሁለታችንም ተማሪ ነበር። ዛሬም «መምህር» ይለኛል። መዝገበ ቃላቱ በዚህ ዓመት ይታተማል አለ። ስልኩን ዘግቼ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ፤ ብቻዬን እየሳቅኩ። እንግሊዞች ለልጅነት ጠባይ ሁለት ቃል አላቸው። «ቻይልዲሽ» ይነቅፋል፣ «ቻይልድላይክ» ያደንቃል። የኔው የትኛው ነበር? ዛሬስ ግድ የለኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

የናሙና ገጾች መጡ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ዓረፍተ ነገሮቹ የሉም። አንድም አልቀረ። በምትካቸው በቃላቱ መካከል የእኩል ምልክት ተደርድሯል፣ እንደ ሂሳብ ደብተር። «ጌዝ» እኩል ነው «ስቴር» እኩል ነው ማፍጠጥ። እናት በተኛ ልጇ ላይ ዓይኗን ተክላ ስትቀር፣ አፈጠጠችበት ይባላል?

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ በአክብሮት አደመጠኝ፤ አክብሮቱ ነው ይበልጥ አንጀቴን ያሳረረው። አንባቢ ጊዜ የለውም አለኝ፤ ቃሉን አግኝቶ ቶሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። ወዴት ነው የሚሄደው? አልኩት። ፈገግ አለ። ከዚያ ውሉን አወጣ።

«ባልደረባዎ እኮ ፈርመዋል፣ መምህር። የርስዎ ብቻ ነው የቀረው።»

ፊርማውን አየሁት። የሱ ነው። ከመስመሩ ትንሽ ወርዷል፣ ግን የሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ ገጾቹን ፊቱ ዘረገፍኳቸው። አላያቸውም። ዓረፍተ ነገሮቹ እንደሚወጡ ታውቅ ነበር? አልኩት። አውቅ ነበር አለ። ሳትነግረኝ? ብነግርህ እሺ ትል ነበር? አለ።

«አንተ፣ እንከን የሌለው መጽሐፍ፣ ትፈልጋለህ። እኔ፣ መጽሐፍ፣ እፈልጋለሁ።»

ከሃዲ አልኩት። በአማርኛ። እህት ቃል አላስፈለገውም።

ተነሣ። በሩን ለማግኘት ግድግዳውን ዳበሰ። ንዴት ነው ብዬ ተመለከትኩት፤ በውስጤ ደስም ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

አልመጣም። ይቅር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

የነጠላ ሰረዝ ባለቤት መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች፤ በሩ አጠገብ ቆማ ነው የነገረችኝ። ዓይኑ ሊጠፋ ነው። ሐኪሙ በጋውን ከዘለቀለት ጥሩ ነው ብሏል። እንዳትነግሪው ብሎ አስምሏት ነበር። በየማክሰኞው ማለዳ ወረቀቶቹን እሷ በተኮላተፈ እንግሊዝኛዋ እያነበበችለት፣ እሱ በቃሉ እያጠና ነው ወደ እኔ ሲመጣ የከረመው።

እኔ ደግሞ መነጽሩን አብዝቶ ሲጠርግ እያየሁ፣ አረጀ ብቻ አልኩ... የቃላትን ጥላ እለያለሁ የምል ሰው!

ዓረፍተ ነገሮቹ የዕድሜ ልክ ሥራችን መሆናቸውን ላስረዳት ሞከርኩ። አቋረጠችኝ።

«ጋሼ፣ እሱ ውስጡን ማንበብ ከተወ ቆየ። ሽፋኑን አይቶ ይረፍ።»

ልሸኛት ተነሣሁ። በሩን ራሷ ዘግታ ሄደች።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ፈረምኩ። «አግሪ» ማለት ልብ ሲስማማ ነው፤ «ኮንሰንት» ማለት ልብ ቢቃወምም እሺ ሲባል። ሥራ አስኪያጁ ልዩነቱን ቢጠይቀኝ ፊርማዬን አሳየው ነበር። አልጠየቀም። ታሪክ ሠራችሁ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ ፍጠንልኝ። ጥር ሳይወጣ እጅዎ ይገባል አለ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

መጽሐፉ አልወጣም። መጀመሪያ ወረቀት ጠፋ። ቀጥሎ ማተሚያው ተበላሸ። አሁን የሽፋኑ ቀለም አልተስማማቸውም። «ዲሌይ» እንቅፋት የሚያዘገየው ነው፣ «ፖስትፖን» ሰው ወስኖ የሚያሳድረው። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም በአንድ ይገላገላቸዋል፦ «ትንሽ ይታገሡን፣ መምህር።»

ባለቤቱ ትናንት ስልክ ደውላ ነበር። መስኮቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይለያል አለች። ከዚያ ያለፈ አይደለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

መስኮቱም ቀረ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

መጽሐፉ ወጣ። ሁለት ቅጂ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ከተጣላን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለታችንም ስለዚያ ቀን አላነሣንም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ሽፋኑን በአውራ ጣቱ አሻሸ። ስሜ የቱ ጋ ነው? አለ። ጣቱን ይዤ ስሙ ላይ አሳረፍኩለት። የማን ከላይ ነው? ያንተ። ተገቢ ነው አለ፤ ኮራ ብሎ።

አንብብልኝ አለ።

ገለጥኩ። የእኩል ምልክት... የእኩል ምልክት... ባለቤቱ ከበሩ ላይ ታየኛለች። ምን ላንብብለት? ገጹ ላይ አፍጥጬ የተጣሉትን ዓረፍተ ነገሮች ከራሴ ማውጣት ጀመርኩ።

«ሽማግሌው ለሥራው ሲል አሎን መሆን ይወዳል።»

ነጠላ ሰረዝ ወዲያው ነቃ። በ«አሎን» ምትክ «ሎንሊ»ን ከተተ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ያነክሳል። ብቻውን መሆን፣ የሚወድ፣ አለ። ብቸኝነት የሚያንገበግበው፣ ግን፣ ያንን ወዶ፣ አያውቅም።»

ቀጠልኩ። «ሂር» እና «ሊስን»፦ ጆሮ ላይ የሚደርሰውና ጆሮ የሚሰጡት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሁሉም በቃሌ ነበሩ። «ያነክሳል፣ ያነክሳል» ይላል፤ ፊቱ ፈክቶ። ባለቤቱ ፊቷን አዙራ ወጣች። ጥሩ ሥራ እየሠራሁ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ልሄድ ስነሣ እጄን ያዘ።

«አንድ ነገር፣ ልንገርህ። ገጽ መግለጥ፣ ረሳህ።»

 ውሸታም አላለኝም። አመሰግናለሁም አላለኝም። እጄን ለቀቀና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

በመንገዴ መጻሕፍት ቤት ጎራ አልኩ። ከፊት ለፊት ደርድረውታል። ሻጩ ማን እንደሆንኩ አላወቀም። እየተሸጠ ነው? አልኩት።

«በጣም እንጂ፣ አባባ። ተማሪ ይወደዋል፣ አያደክምም።»

የጻፍኩትን መጽሐፍ አሞገሰልኝ፤ እኔ ያልጻፍኩትን። ከዚያ ወደ ነጠላ ሰረዝ ቤት ሄድኩ። ከእንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ሂያጁ እኔ ነኝ። መጽሐፍ አልያዝኩም፤ እሱም የታለ አላለኝም። የሐሙሱም ነገር አልተነሣም። ወንበሬን አልጋው አጠገብ ሳብኩ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ወረወርኩ፣ እሱ ተካ፣ ዓረፍተ ነገሩ አነከሰ። የሚጽፈው ሰው የለም። እኔም ብዕር አላወጣሁም።

ስንጨርስ ባለቤቱ መብራቱን ልታበራ ገባች፣ ብርሃን እንደማያይ ትዝ ሲላት ተወችው። ሁለታችንም ጨለማው ውስጥ ትንሽ ተቀመጥን። ከሁለታችን አንዱ ሲሞት ሌላው በአንድ ጆሮ የሚያነክሰውን በምን ይለያል? መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ግን ቅጂዎቹ ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል።