አባዬና ከሰማይ ጥግ የምትመጣዋ ነጥብ

ይድረስ ለእትዬ፣ ለአንድዬ እህቴ፦

ልብሽን በሁለት እጅሽ ያዢው። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ፤ ተቀምጠሽ ከሆነ ግድግዳ ተደገፊ። የምነግርሽ ዜና ከባድ ነው፤ አባዬ ጦር ሜዳ ዘምቷል። አውሮፕላኑ ደጋግሞ ተመትቶ ባሕር ገብቷል። እማዬ ዓይኗ እያየ ነው የወደቀው፤ እሷ ግን ሽንኩርት መክተፏን እንኳ አላቋረጠችም።

ደንግጠሽ ከጨረስሽ አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም እንደ አሮጊት ነው ከወንበር የምትነሺው? ሰውዬሽስ ሲስቅ ዛሬም እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል? ጥርሰ ወላቃዋ ልጅሽ አዲስ ጥርስ አበቀለች ወይስ በድዷ ነው የምትሳደበው? እኛ ደህና ነን። እኔ ግን ዛሬ ቂጤ ወንበር አልያዝ ብሎኛል። ይህን የምጽፍልሽ ከዓይን ክሊኒክ ኮሪደር ነው፤ እስክሪብቶውን ከዘበኛው ተውሼ። አባዬ ውስጥ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ፣ ነርሷም «አንተ ልጅ፣ በሽተኛው አንተ ነህ እንዴ?» እያለች መልሳ ታስቀምጠኛለች። እጄ ሥራ ካልያዘ የግድግዳውን ቀለም ልልጠው ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ዓይኑን እንዲታይ ምን ያህል በስልክ እንዳለቀስሽበት ታውቂዋለሽ። እማዬም ለምናዋለች፣ አኩርፋዋለች፣ ተመልሳ ለምናዋለች። የጭነት መኪናውን ሲያስገባ የግቢውን በር ምሰሶ የገጨ ጊዜ እንኳ ጥፋቱ የምሰሶው ሆነ። «ትናንት እዚህ አልነበረም» አለ፤ ራሱ የተከለውን ምሰሶ! የፈራው ምን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ሐኪም ካየኝ መሪዬን ይቀማኛል ነው። አባዬ ደግሞ ያለ መሪ ምን ሊሆን ነው? ተኝቶ እንኳ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል።

ጦርነቱን ወደ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከሥራ ቦታ። አለቃዬን ቴሌቪዥን ጠጋኙን ታውቂያቸዋለሽ፤ ካቻቢቴያቸው ከጆሯቸው ላይ ስለማይወርድ «ጋሽ ካቻቢቴ» ነው የምላቸው፣ በሌሉበት። አንድ ደንበኛ እኔ ሳልወለድ የተሠራ የቴሌቪዥን ጌም አምጥቶ ጥሎባቸው ሄደ። የዳቦ ቆርቆሮ የሚያክል ሣጥን ነው፤ አንድ ዘንግና አንድ ቀይ መጫኛ አለው፣ በቃ። ሽቦውን በየዱትና «ቤት ወስደህ ሞክረው» አሉኝ። እኔና ስምንተኛ ክፍል ከተጣላን ወዲህ በደስታ የተቀበልኩት የቤት ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

እትዬ፣ በዚህ ጌም ግን አላሾፍም፤ ባሾፍ ምላሴ ይቆረጥ። የዚያ ዘመን ሌሎች ጌሞች ላይ አውሮፕላን ማለት ከታች ተጎልቶ ወደ ላይ የሚተፋ ነገር ነበር። ይኼኛው ውስጡ ያስገባሻል። ፊትሽ ሰማይና ባሕር ብቻ ነው፤ ዘንጉን ስታጋድዪው ዓለም በሙሉ አብራሽ ታጋድላለች። ነዳጅ ያልቅብሻል። ይመሽብሻል፤ ሰማዩ ብርቱካን መስሎ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ጠላትን ጨርሼ ተገላገልኩ ስትዪ ደግሞ መርከብ ላይ ማረፍ አለ፤ መርከቧም ከሩቅ የክብሪት እንጨት ነው የምታክለው። ይህን ሁሉ የተሸከመችው፣ ጋሽ ካቻቢቴ ፈተው እንዳሳዩኝ፣ ከባቄላ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ አንዲት ጥቁር ነገር ናት። የዝሆን ጭነት በፍየል ጀርባ! ፍየሏም ታቃስታለች፤ ሦስት አውሮፕላን አንዴ ሲመጣባት ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ የአንዱ ክንፍ ይጠፋል። ቢሆንም አልንበረከክም ትላለች። የሠራት ሰው «አይቻልም» ሲሉት የማይሰማ፣ የእኔ ቢጤ ነገረኛ መሆን አለበት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የጠላት አመጣጥ ነው። ዱብ አይልም። መጀመሪያ ከሰማዩ ጥግ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ የመርፌ ጫፍ የምታክል። ከዚያ ታድጋለች፣ ክንፍ ታወጣለች፣ መተኮስ ትጀምራለች። ነጥቧን ቀድሞ ያየ ይተርፋል፤ ያላየ ባሕር ይገባል።

አባዬ መጀመሪያ ንቆት ነበር። እኔ ስወድቅ ሲያይ ግን አላስችል አለውና «አንሳ እጅህን፣ መሪ እንዲህ አይያዝም» ብሎ ቀማኝ። ብታዪው! አውሮፕላኑን እንደ ጭነት መኪና ነው የሚነዳው። ሲታጠፍ ከነወንበሩ ይታጠፋል። ቁልቁል ሲወርድ ነዳጅ ሊቆጥብ ማርሹን ለማላቀቅ «ፎሌው የት ነው?» ይለኛል። መርከቧ ቀርባ ስትገዝፍለት ግን እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ አድርጎ ያሳርፋል፤ እኔ አንድም ቀን አሳርፌ አላውቅም። ችግሩ እስከዚያ አለመድረሱ ነው። ነጥቧን አያያትም።

«አባዬ፣ በግራ ነጥብ!» እለዋለሁ። «የለም» ይላል። «ኧረ መጣችብህ!» «ዝም በል፣ አንተ ቀልማዳ!» ምን ያድርግ፤ በየጠዋቱ «ጎማህ ተንፍሷል» እያልኩ በሌሊት ልብሱ ግቢ አስወጥቼው የለ! ከዚያ ዱም፣ ባሕር። «ይሄ ማሽን ሌባ ነው፤ ከባዶ ሰማይ ያወጣል!» ቴሌቪዥኑን ወለወለ፣ ቦታውን ቀየረ፣ በመጨረሻ ጋሽ ካቻቢቴን አስጠርቶ አስፈታው። እሳቸውም ከፍተው ዘጉና «ከአንተም ከእኔም ይልቅ እሱ ጤነኛ ነው» ቢሉት፣ ከልጄ ጋር ተማክረሃል ብሎ ሁለታችንንም አኮረፈን።

ቅዳሜ ከሰዓት እማዬ እጇን በፎጣ እያደረቀች በር ላይ ቆመች። እማዬ ጌም አታውቅም፤ ቀልድማ ጭራሽ፤ ብትቀልድ እንኳ ይቅርታ ትጠይቃለች። «ያቺ ዝንብ መስታወቱ ላይ ነው ያረፈችው?» አለች። አባዬ «የቷ ዝንብ?» አላት። «ያቺ ናታ፣ እዚያ ጥግ። ውይ፣ እያደገች ነው እኮ!» እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። አባዬ ዓይኑን አጨናብሶ ወደፊት ተሳበ፣ ተሳበ፣ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ሲል አያት። ያኔ አውሮፕላን ሆና ጨርሳለች።

ባሕሩ ሲውጠው እንደ ወትሮው አልተሳደበም። ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ከመቼ ጀምሮ አየሻት?» አላት በቀስታ። «ከቆምኩ ጀምሮ» አለችው። እትዬ፣ ስንት ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሁሉንም ዋጥኩት። እሱም፣ ለማናችንም ሳይሆን፣ «መንገድ ላይ ቢሆን ሕፃን ነበረች» አለ።

በማግስቱ የመኪናውን ቁልፍ ለእማዬ ሰጣት። ያኔ ነው እኔ የፈራሁት። ሰኞ ጠዋት ጃኬቱን ለብሶ «ተነስ፣ ክሊኒኩን አሳየኝ» አለኝ። መንገድ ላይ «እህትህ ስለለመነችኝ ነው እንዳትላት፤ ለአውሮፕላኑ ስል ነው» ብሎ አስማለኝ። እኔም አላልኩሽም። ዶክተሯ አይታው የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ብላ ለዛሬ ቀጠረችው። ይኸው ገብቷል፤ እኔም ይኸው ኮሪደሩን ስመላለስበት ዘበኛው እስክሪብቶዬን መልስ ሊለኝ ደርሷል። ቆይ፣ በሩ ተከፈተ።

መጣሁ። አባዬ ወጥቷል! አንድ ዓይኑ ታሽጓል፣ በሌላው እኔን ይገላምጣል። ዶክተሯ ሁለተኛውም በተራው ይሠራል፣ ሲድን መሪውን ይይዛል አለች። «አመመህ?» ስለው «ምኑ?» አለኝ። ወዲያው ምሳ ጠየቀ።

ሰውዬሽን «እጅ ነስቶሃል» በዪልኝ፣ ጥርሰ ወላቃዋን ጉንጯን ንከሺልኝ። እማዬ ትስምሻለች፤ ወገብሽን አሙቂ ብላለች። ጋሽ ካቻቢቴም ሰላም ብለውሻል። አባዬ እዚህ አጠገቤ ሆኖ ምን ትሞነጫጭራለህ ይለኛል፤ እሱም ሰላም ብሎሻል ማለት ነው። እንግዲህ እትዬ፣ እውነቱን ከጠየቅሽኝ፣ ጥርስ ከመነቀል ላነሰ ነገር ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የጨረስኩት፤ አንድ ሰውዬ ዓይኑን ታከመ፣ ሌላ ምንም የለም።

ወንድምሽ

ከዓይን ክሊኒኩ ኮሪደር፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 12